ፕላስቲክ፣ ናይለን ወይስ ብረት? የመኪና ሽፋን መፈልቀቂያ ለሚገዛ ሰው

ጫፉ ላይ ናስትሮ የተጠቀለለበት ጠፍጣፋ ካቻቪቴ ስንት የበር ሽፋን እንዳበላሸ ቢቆጠር ጉድ ያሰኛል። ከአበላሾቹ አንዱ እኔ ነኝ። የመስኮት መቆጣጠሪያ ቁልፎች ያሉበትን ክፈፍ ላነሳ ካቻቪቴውን አስገብቼ ጫን ስል ናስትሮው ተቀደደ፤ ብረቱ ጠርዙን ነክሶ አለፈ። ክፈፉ ሳይነቀል የጣት ጥፍር የሚያህል ሰንበር ቀረበት። ያ መኪና እጄ ላይ እስካለ ድረስ በሩን በዘጋሁ ቁጥር ጣቴ የሚያርፈው እዚያው ነበር። ክፈፉን የያዙት አራት ቀጫጭን ምላሶች ብቻ መሆናቸውን ያየሁት በኋላ ነው። ስስ የፕላስቲክ ሽብልቅ ቢኖረኝ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅብኝም ነበር።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ዓይነት መፈልቀቂያ እጄ ገብቷል። አንዳንዱ ተሰብሯል፣ አንዳንዱ ጠሟል፣ ሁለት ሦስቱ ግን ከሣጥኔ ተለይተው አያውቁም። ሳወዳድራቸው የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ሽፋኑ እምቢ ብሎ ኃይል ሲበዛ ቀድሞ የሚጎዳው ማን ነው? መሣሪያው ወይስ መኪናው? መሣሪያው ከሆነ እሰየው። ሥራውን ሳይጀምር የሚጠማዘዝ ከሆነ ግን ከእጅ አይሻል ዶማ ነውና ገንዘብ አይወጣበትም።

ሽፋኑን የያዘው ምንድን ነው?

የሚፈታውን ነገር ሳያውቁ መፍቻ መግዛት አይቻልም። በዛሬ መኪኖች ላይ የበር ሽፋን፣ ጣሪያውን የያዙት ምሰሶዎች ሽፋንና የዳሽቦርድ ክፈፍ በአብዛኛው የሚያዙት በክሊፕ ነው። በጣም የተለመደው እንደ ጥድ ዛፍ ግራና ቀኝ ጥርስ ያወጣ የፕላስቲክ ግንድ ነው፤ ላሜራው ላይ ወዳለው ቀዳዳ ሲገፋ ጥርሶቹ ይታጠፉና ከኋላ ተመልሰው ይዘረጋሉ። የቀዳዳው ስፋት ብዙውን ጊዜ ከ6 እስከ 10 ሚሊሜትር ነው። ሁለተኛው ዓይነት ከሞላ ብረት የተሠራ ክሊፕ ሲሆን ከሽፋኑ ጀርባ የወጣች ምላስ ላይ ይሰካል፤ በተለይ የዳሽቦርድ ክፈፎች ላይ ይገኛል። ሦስተኛው ፓራውልትና የሞተር ክፍል ፕላስቲኮች ላይ የምናየው ባለሁለት አካል ክሊፕ ነው፤ መሐሉ ያለው ራስ ከፍ ሲል ውጪው ይላላል።

ሁሉም ቀጥ ብለው ወደ ውጭ ሲሳቡ ይለቃሉ። ተጣመው ሲሳቡ አንገታቸው ይቆረጣል፣ ወይም የተሰኩበትን የሽፋን ጀርባ ቦጭቀው ይመጣሉ። ስለዚህ መፈልቀቂያ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች አሉበት። መጀመሪያ በጠባቡ ክፍተት ገብቶ ሽፋኑን ትንሽ ያነሳል፤ ቀጥሎ ክሊፑ አጠገብ ደርሶ ግንዱን ግራና ቀኝ አቅፎ ያወጣል። ለመጀመሪያው ስስነትና ልስላሴ፣ ለሁለተኛው ግትርነት ያስፈልጋል። ሻጮች ግን አምስት የተለያዩ ቅርጾችን ከአንድ ፕላስቲክ አውጥተው በአንድ ከረጢት ያቀርባሉ። በስብስቡ ውስጥ ሁለቱ ወርቅ ሆነው ሦስቱ የማይረቡት ለዚህ ነው።

ከምን ተሠራ?

ከረጢቱ ላይ የተጻፈውን ማመን ያስቸግራል። «ናይለን» ተብሎ የተሸጠልኝ ስብስብ ፖሊፕሮፒሊን የሚባለው ለስላሳ ፕላስቲክ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ለመለየት ግን የውኃ ባልዲ ይበቃል። ፖሊፕሮፒሊን ከውኃ ይቀላል፤ እያንዳንዱ ኪዩቢክ ሴንቲሜትር 0.9 ግራም ያህል ስለሚመዝን ይንሳፈፋል። ኤቢኤስ የሚባለው ጠንካራ ፕላስቲክ ወደ 1.05፣ ናይለን ወደ 1.14 ይደርሳሉ፤ ሁለቱም ይሰጥማሉ። በመስታወት ቃጫ የተጠናከረ ናይለን ደግሞ ከ1.3 በላይ ስለሆነ እንደ ድንጋይ ይወርዳል። እቃው ላይ የሦስት ቀስቶች ምልክት ካለና መሐሉ 5 ቁጥር ከተጻፈ ባልዲም አያስፈልግም፤ ፖሊፕሮፒሊን ነው።

ፖሊፕሮፒሊን መናቅ የለበትም። ከሌሎቹ ይልቅ ለስላሳ ስለሆነ፣ ከመኪናው ቀለም ወይም ከሚያብረቀርቅ የዳሽቦርድ ክፈፍ ጋር ሲገናኝ የሚሸነፈው እሱ ነው። ሲታጠፍ እጥፋቱ ላይ ይነጣል እንጂ በቀላሉ አይሰበርም። ለሬዲዮ ዙሪያ ክፈፍ፣ ለአየር ማውጫ ቀዳዳ ሽፋን፣ ለካምቢዮ ዙሪያ ጌጥ ከዚህ የተሻለ አያስፈልግም። ጉድለቱ የሚታየው የበር ሽፋን ላይ ነው። ክሊፑ ጠበቅ ካለ ጫፉ እንደ ምላስ ይጠቀለላል፤ አንዴ የተጠቀለለ ጫፍ ደግሞ እንደገና ስስ ክፍተት አይገባም። ቅዝቃዜም አይስማማውም። ወደ 0 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጠጋ ልስላሴው ጠፍቶ ይሰነጠቃል።

ኤቢኤስ ጠንከር ይላል፤ ሲንኳኳ ደረቅ ድምፅ ይሰጣል። እኔ ከሁሉም የማልወደው እሱን ነው። ብዙ የመኪና ውስጥ ሽፋኖች ከዚሁ ቤተሰብ የተሠሩ ስለሆኑ እኩያ ከእኩያ ይፋተግና ሽፋኑ የመጫር ዕድሉ ከፍ ይላል። ሲሰበርም ሳያስጠነቅቅ ቀጭ ብሎ ነው፤ የተሰበረው ጠርዝ እንደ ቢላ ይሆናል። ሙቀት ላይም ይደክማል፤ ከ100 ዲግሪ ትንሽ ሲያልፍ መልፈስፈስ ይጀምራል።

ናይለን መካከለኛው መንገድ ነው፤ ለአንድ ስብስብ ብቻ ገንዘብ ላለው ሰው የምመክረውም እሱን ነው። ይለመጣል፣ ይመለሳል፣ ጫፉ ቶሎ አይጠቀለልም። ሙቀትንም ይችላል፤ ሁለቱ የተለመዱት ዓይነቶች፣ ናይለን 6 እና ናይለን 66፣ የሚቀልጡት በ220 እና በ260 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን ፖሊፕሮፒሊን በ160ዎቹ ውስጥ ይቀልጣል። ሙጫ በሞቀ አየር እያለሰለሱ ለሚሠሩ ሰዎች ይህ ልዩነት ትልቅ ነው።

ናይለን አንድ የማይነገርለት ጠባይ አለው፤ ውኃ ይጠጣል። ከፋብሪካ እንደወጣ ደረቅ ስለሚሆን ተሰባሪ ነው። ከአየሩ እርጥበት ሲወስድ ግትርነቱ ትንሽ ቀንሶ ሳይሰበር የመታጠፍ አቅሙ ይጨምራል። አዲስ የናይለን መፈልቀቂያ በመጀመሪያው ቀን ቢሰነጠቅባችሁ የግድ ሐሰተኛ እቃ ነው ማለት አይደለም፤ ደርቆ ይሆናል። እኔ አዲስ ስገዛ ሙቅ ውኃ ውስጥ ከትቼ አሳድረዋለሁ። ሲያዩኝ የሚስቁ አሉ፤ ይሳቁ።

በመስታወት ቃጫ የተጠናከረው ናይለን፣ ብዙውን ጊዜ 30 በመቶው ቃጫ የሆነው፣ የጉልበተኞች ነው። አይለመጥም ማለት ይቻላል። የበር ሽፋን ክሊፕ ሥር ገብቶ ሲያነሳ የእጅ ኃይል ሳይባክን ይደርሳል። ነገር ግን ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ ስለማይለመጥ ኃይል ሲበዛ አያስታውቅም፤ ፖሊፕሮፒሊን ሲጎብጥ «ተው» ይላችኋል፣ ይህ ግን ዝም ብሎ ሽፋኑን ይሰነጥቃል። ሁለተኛ፣ ጠርዙ ሲያልቅ የመስታወቱ ቃጫ ይወጣና እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይሻክራል። የመኪናው ቀለም የላይኛው ግልጽ ልባስ አብዛኛውን ጊዜ ከ50 ማይክሮን ብዙም አይበልጥም፤ ከፀጉር ይሳሳል። ስለዚህ ያረጀ የቃጫ ናይለን ወደ ቀለም መቅረብ የለበትም።

ብረት? ብረት አንድ የሚበልጥበት ነገር አለው፤ ስስ ሆኖ ግትር መሆን ይችላል። 1 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው የማይዝግ ብረት የሚችለውን ኃይል ፕላስቲክ የሚችለው ሦስትና አራት እጥፍ ሲወፍር ነው። ፕላስቲክ ጨርሶ የማይገባበት ክፍተት ውስጥ ብረት ይገባል። ግን በገባበት ሁሉ አሻራውን ይተዋል፤ ከዚህም በላይ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። ከዳሽቦርድ ጀርባ ሽቦ እንደ ሐረግ በተጠላለፈበት ቦታ ብረት መክተት ቢያንስ ፊውዝ ሊያቃጥል ይችላል። የብረት ትክክለኛ ቦታው የት እንደሆነ ከታች አሮጌ መኪና ላይ እመለስበታለሁ።

ስለ እንጨት ሽብልቅና ስለ አሮጌ የባንክ ካርድ ብዙ አልልም። ካርድ ለመጀመሪያዋ ክፍተት አሪፍ ነው፤ እንጨት የተከፈተውን ክፍተት እንዳይዘጋ ለመያዝ ይበቃል። ነፃ ናቸው፤ ሁለቱንም ሣጥን ውስጥ ጣል አድርጉ።

ከቁሱ ይልቅ ጫፉን እዩ

ብዙ ገዢ ቀለሙንና ብዛቱን ያያል። እኔ መጀመሪያ የማየው የጫፉን ውፍረት ነው። መለኪያው ኪሳችሁ ውስጥ አለ፤ የባንክ ካርድ ውፍረት 0.76 ሚሊሜትር ነው። የመፈልቀቂያው ጫፍ ከካርድ ጋር ከተቀራረበ የዳሽቦርድ ክፈፍ ሥር ይገባል። ሁለት ካርድ ያህል ከሆነ ለበር ሽፋን ይሆናል። ሦስት ካርድ ከወፈረ ክፍተቱን ራሱ መክፈት አይችልም፤ ሌላ ነገር ሊከፍትለት ይገባል፣ እንዲህ ከሆነ ደግሞ ምን ሊረባ ተገዛ? አንዳንዱ ፕላስቲክ ከቅርጽ ማውጫው ሲወጣ ጠርዙ ላይ ትርፍ ክር ይቀርበታል። ጣት ሲዳስሰው የሚይዝ ከሆነ ቀለምም ይይዛል፤ በ400 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ጥቂት ማሸት ያስተካክለዋል። ስለዚህ ወፍራም ጫፍም ቢሆን ፖሊፕሮፒሊን ወይም ተራ ናይለን እስከሆነ ድረስ በወረቀት ማሳሳት ይቻላል። የቃጫውን ናይለን ግን አትንኩት፤ የሚያሻክረውን ቃጫ ታወጡታላችሁ፣ ብናኙም ለሳንባ አይበጅም።

ቀጥሎ ተረከዙ። ጥሩ መፈልቀቂያ ከጫፉ ጥቂት ሴንቲሜትር ወደ ኋላ ጎበጥ ይላል፤ ያ ጉብጠት መደገፊያው ነው። ከመደገፊያው እስከ እጃችሁ 18 ሴንቲሜትር፣ ከመደገፊያው እስከ ጫፉ 2 ሴንቲሜትር ቢሆን በእጃችሁ የምትጫኑት 5 ኪሎ ጫፉ ላይ 45 ኪሎ ይሆናል። መደገፊያው የሚያርፈው ደግሞ ላሜራው ወይም አጠገቡ ያለው ሽፋን ላይ ነው፤ እዚያም ከዚያ የማያንስ ኃይል ይወርዳል። «ቀስ ብዬ ነው የነካሁት፣ እንዴት ተሰበረ?» የሚለው ሰው መልሱ ይኸው ነው። ስለዚህ ረጅም እጀታ ጥሩ ነው የሚለውን ወሬ አትስሙ። ለዳሽቦርድ አጭር፣ ለበር ሽፋን ረዘም ያለ። ተረከዙ ሰፊና ክብ ይሁን፤ ጠባብ ተረከዝ ቀለሙ ላይ ይሰምጣል። እኔ ሁልጊዜ ሥሩ የታጠፈ ጨርቅ አነጥፋለሁ።

ሹካው፣ ማለትም ጫፉ ለሁለት የተከፈለው መፈልቀቂያ፣ የሚገባው ክሊፕ ሥር ነው። እዚህ ላይ የሹካው ክፍተት ከክሊፑ አንገት ትንሽ ሰፋ ማለት አለበት፤ ጠባብ ሹካ አንገቱን ይነክሳል፣ ሰፊው ደግሞ ክሊፑን አልፎ የሽፋኑን ጀርባ ብቻ ያነሳል። የአንድ መኪና ክሊፖች እንኳ ሁሉም አንድ ልክ ስላይደሉ ሁለት የተለያዩ ሹካዎች ያሉት ስብስብ ሦስት ሽብልቆችና አንድ ሹካ ካለው ይሻላል። በሽያጭ ፎቶ ላይ ሹካዎቹን ቁጠሩ።

የክሊፕ ፒንሳ የሚባለው፣ ሁለት መንጋጋ ኖሮት ሲጨበጥ ክሊፑን ከሥሩ ቀጥ አድርጎ የሚያነሳው የብረት መሣሪያ፣ ከሁሉም በላይ የወደድኩት ነው። ከላይ እንዳልነው ክሊፕ ቀጥ ብሎ ሲወጣ ይተርፋል፤ ፒንሳው ቀጥ ከማድረግ ሌላ አያውቅም። ለባለሁለት አካሉ የፓራውልት ክሊፕ ደግሞ ወደር የለውም፤ ፕላስቲክ ሹካ እዚያ ጭቃ ውስጥ እየተንሸራተተ ራሱን ክሊፑን ይላጠዋል። ጉዳቱ መንጋጋው ወፍራም መሆኑ ነው፤ ክፍተቱ በሽብልቅ ካልተከፈተለት አይገባም። ብቻውን አትግዙት።

ባለ አምስቱ ወይስ ባለ ብዙ ቁጥሩ?

ትልልቅ ቁጥር የተጻፈባቸው ስብስቦች ምን እንደያዙ ዘርዝራችሁ እዩ። አብዛኛውን ጊዜ አምስት ስድስት መፈልቀቂያ፣ የሬዲዮ ማውጫ ቁልፎች፣ የሽቦ መሰኪያ ምላስ የሚለቁ መርፌዎች፣ ከዚያ የተረፈው ክሊፕ ነው። ክሊፑ አንድ በአንድ ይቆጠርና ቁጥሩ ያብጣል። ክሊፑ ለእናንተ መኪና ካልሆነ ደግሞ ፕላስቲክ ቆሻሻ ነው።

የሬዲዮ ቁልፎቹ በተለይ በግማሽ አሮጌ መኪና ላይ ይጠቅማሉ። ፊቱ 180 በ50 ሚሊሜትር የሆነው የተለመደው ሬዲዮ ግራና ቀኝ ቀዳዳ ካለው፣ ለዚያ የሚሆነው ቁልፍ ሲገባ የጎን መያዣዎቹ ይታጠፉና ተስቦ ይወጣል። ሬዲዮው ከዳሽቦርዱ ጋር አንድ ሆኖ የተሠራበት አዲስ መኪና ያለው ሰው ግን ለእነዚህ ቁልፎች የሚከፍለው ለጌጥ ነው። የሽቦ መሰኪያ መርፌዎቹ ጠቃሚ ናቸው፤ ግን በስብስቡ ውስጥ የሚመጡት ብዙ ጊዜ ከስስ ቆርቆሮ ስለሚሠሩ ከሁለተኛው መሰኪያ በኋላ ይጎብጣሉ።

ስለዚህ ፍርዴ ግልጽ ነው፤ ጥሩ ባለ አምስት ናይለን ከመካከለኛ ባለ ሃያና ሠላሳ ይሻላል። የተረፈውን ገንዘብ ለክሊፕ ፒንሳው አውሉት።

አሮጌ መኪና ስታድሱ ሕጉ ይገለበጣል

እስካሁን የተባለው ለዕለት ተዕለት ጥገና ነው። አሮጌ መኪና ወደ ቀድሞ መልኩ ለሚመልስ ሰው ሁኔታው ሌላ ነው፤ የሚፈታው ነገር ከመፍቻው ይልቅ ደካማ ሆኗል፣ መተኪያውም ላይገኝ ይችላል።

በፈረንጆቹ 1960ዎቹና 1970ዎቹ የተሠሩ ብዙ መኪኖች የበር ሽፋናቸው ውጪው ቆዳ መሰል ቪኒል ይሁን እንጂ ጀርባው የተጨመቀ የእንጨት ቃጫ ሰሌዳ ነው። የሚያያዘውም በሞላ ብረት ክሊፕ ነው። ሰሌዳው ለዓመታት በመስታወቱ በኩል የገባ የዝናብ ውኃ ሲጠጣ ኖሯል፤ በተለይ የታችኛው ጠርዝ እንደ ራሰ ብስኩት ይሆናል። እዚህ ላይ ሰፊ የፕላስቲክ ሽብልቅ አስገብቶ መፈልቀቅ ትልቁ ስህተት ነው። ሽብልቁ በሁለት ክሊፖች መካከል ሲያነሳ ሰሌዳው ይጎብጣል፤ ክሊፑ በቦታው ይቀርና ሰሌዳው ክሊፑ ከተሰካበት ቀዳዳ ተቀድዶ ይመጣል። ከላይ ያሞገስኩት ልስላሴ እዚህ ጠላት ነው። የሚያስፈልገው ስስና ግትር የብረት ሹካ ነው፤ ግንዱን አቅፎ፣ በሰሌዳውና በላሜራው መካከል ገብቶ፣ ክሊፑን ራሱን የሚያነሳ። የበሩን ቀለም ከሹካው ጀርባ ለማዳን ሥሩ ስስ የፕላስቲክ ሽብልቅ አንጥፉ። ሁለቱ መሣሪያዎች አብረው ሲሠሩ ነው ቆንጆ የሚሆነው፤ ብረቱ ያነሳል፣ ፕላስቲኩ ይጠብቃል።

ከዚያ በፊት ግን የመስታወት ማዞሪያው እጀታ መውጣት አለበት። ብዙዎቹ ከጀርባቸው በፈረስ ኮቴ ቅርጽ የታጠፈ የሽቦ ክሊፕ ይይዛቸዋል። ለዚህ የሚሸጥ ጠፍጣፋ የብረት መግፊያ አለ፤ መግዛት ክፉ አይደለም። ያለሱም ይቻላል። በእጀታውና በሽፋኑ መካከል ጠባብ ጨርቅ አስገብታችሁ ጫማ እንደሚወለውል ሰው ወዲያና ወዲህ ስትስቡት የክሊፑን ጫፍ ይይዝና ያስፈነጥረዋል። ሌላውን እጃችሁን ፊት ለፊቱ አድርጉ፤ ካልሆነ ክሊፑን ፍለጋ ጋራዡን ስትጠርጉ ትውላላችሁ።

በፊት መስታወት ዙሪያ የሚዞረው አንጸባራቂ ጌጥ ሌላው ብረት የሚፈልግ ነገር ነው። በብዙ አሮጌ መኪኖች ላይ ስስ የማይዝግ ብረት ሲሆን ክሊፖቹ ከሥሩ ተደብቀዋል። ለዚህ የተሠራው መሣሪያ ጫፉ መንጠቆ መሰል ጠፍጣፋ ብረት ነው፤ በመስታወቱና በጌጡ መካከል ተንሸራቶ ገብቶ ክሊፑን ወደ ጎን ይለቀዋል። ፕላስቲክ መንጠቆ ሞክሬ በሦስተኛው ክሊፕ ላይ ጥርሱን ጥሏል። ግን ብረቱን ከመስታወቱ ጠርዝ ጋር ማጋጨት ስንጥቅ መጋበዝ ነው፤ ጌጡም በጉልበት ከተነሳ ይጎብጣል፣ የጎበጠ አንጸባራቂ ብረት ደግሞ ቢቃናም ብርሃን ሲያርፍበት ይታወቃል። መሣሪያው ይንቀሳቀስ እንጂ አይፈልቅቅ።

ከፈረንጆቹ 1980ዎቹ ወዲህ ባሉት መኪኖች ደግሞ ፕላስቲኩ ራሱ አርጅቷል። ፀሐይ የመታው ዳሽቦርድና የኋላ መስታወት ሥር ያለው ሽፋን ይደርቃል፤ ምላሶቹ በትንሽ ጫና ይቆረጣሉ። እዚህ ወደ ፖሊፕሮፒሊን እመለሳለሁ፤ ካለኝ ሁሉ ለስላሳውን። ከመሣሪያው ይልቅ የሚጠቅመው ሙቀት ነው። መኪናውን ፀሐይ ላይ አቁሞ ውስጡ ሲሞቅ መሥራት፣ ወይም በፀጉር ማድረቂያ ዙሪያውን ማሞቅ፣ ያንኑ ምላስ ከመቆረጥ ያድነዋል። በብርድ ጧት የተጀመረ የዳሽቦርድ ሥራ ብዙ ጊዜ በሙጫ ነው የሚያልቀው።

መፈልቀቂያ የማይነካቸው

አርማ። የዛሬዎቹ አርማዎች በአብዛኛው በስፖንጅ መሰል ባለሁለት ገጽ ማጣበቂያ ነው የተለጠፉት። ሻጮች ለዚህም መፈልቀቂያ ያሳያሉ። አትግዙ። በፀጉር ማድረቂያ እጅ እስኪያቃጥል ሳይሆን እስኪሞቅ ድረስ አሙቁት፤ ከዚያ የዓሣ ማጥመጃ ክር ከኋላው አስገብታችሁ እንደ መጋዝ ሳቡ። ማጣበቂያው መሐል ለመሐል ይቆረጣል፤ ቀለሙ ላይ የቀረው በጣት እየተጠቀለለ ይነሳል። አሮጌ መኪና ላይ ግን መጀመሪያ ከላሜራው ጀርባ እዩ። አርማው ከዚንክ የተጣለ ሊሆን ይችላል፤ ከጀርባው የወጡት እግሮች በዳዶ ወይም በመያዣ ቀለበት ተይዘዋል። ከፊት የሚፈለቅቀው ሰው የሚያገኘው ሁለት ቁራጭ ነው።

ኤርባግ። በምሰሶ ሽፋኖች ሥር የመጋረጃ ኤርባግ ሊኖር ይችላል፤ ሽፋኑ ላይ የተቀረጸው ጽሑፍና ብዙ ጊዜ ቢጫ የሆነው የሽቦ መሰኪያ ይናገራሉ። ባትሪው ተፈትቶ የመኪናው መመሪያ የሚያዘው ጊዜ ሳያልፍ ምንም ዓይነት መፈልቀቂያ፣ ፕላስቲክም ቢሆን፣ እዚያ አይገባም። በነዚህ ሽፋኖች ላይ አንዳንዱ ክሊፕ ኤርባጉ ሲፈነዳ ሽፋኑ እንዳይወረወር የሚይዝ ማሰሪያ አለው። እሱ በመሳብ አይለቅም፤ እምቢ ሲላችሁ ኃይል አትጨምሩ። ብዙዎቹ አንዴ ከወጡ በአዲስ መተካት ያለባቸው ናቸው፤ የመኪናው መመሪያ ይህን ይጽፋል።

እንግዲህ ማን ምን ይግዛ?

በዓመት አንዴ የበር ድምፅ ማጉያ ወይም አምፖል ለሚቀይር ሰው ባለ አምስት ናይለን በቂ ነው፤ ሁለት ሹካ ያለው፣ ቢያንስ አንዱ ጫፍ እንደ ካርድ የሳሳ። ካላገኘ ፖሊፕሮፒሊኑን ይግዛ፣ ሽቦውን ከመኪናው ብረት ጋር ከሚያገናኝ ካቻቪቴ ይሻለዋል፤ የበር ሽፋን ላይ ግን ትዕግሥት ይጨምር።

በየሳምንቱ የሚፈታ መካኒክ ሁለት ዓይነት ይያዝ። ለዳሽቦርድ ተራ ናይለን፣ ለበርና ለወለል ሽፋን የቃጫ ናይለን፣ ከዚያ የክሊፕ ፒንሳ። ሁለቱን ናይለኖች በቀለም ይለይ፤ ጥድፊያ ላይ የተሳሳተው እጅ ውስጥ ይገባል። የቃጫው ናይለን ጠርዝ ሲሻክር ይጣል፤ ይህ እቃ እንደ ብርጭቆ ወረቀት አላቂ እንጂ እንደ መፍቻ ቋሚ ንብረት አይደለም።

አሮጌ መኪና የሚያድስ ሰው የፕላስቲክ ስብስብ ላይ ብዙ አያውጣ። የብረት ሹካ፣ የመስታወት ጌጥ መንጠቆና የእጀታ ክሊፕ መግፊያ ለብቻቸው ይግዛ፤ ብረቶቹን ሲገዛ ጠርዛቸው የተሞረደና የተወለወለ መሆኑን በጣቱ ይዳስስ። ፖሊፕሮፒሊኑ ለማንጠፊያና ለደረቀው ፕላስቲክ ይሆነዋል።

ሦስቱም አንድ ነገር አብረው ይግዙ፤ ለሚፈቱት ሽፋን የሚሆን ክሊፕ፣ ከሚያስፈልገው አራት አምስት አስበልጠው፣ ሥራውን ከመጀመራቸው በፊት። ክሊፑን ለማዘዝ የአንገቱ ርዝመትና የላሜራው ቀዳዳ ስፋት በሚሊሜትር ያስፈልጋል። የተሰበረውን ክሊፕ ለመለካት አስቀምጡት፣ አትጣሉት።